ከዓመታት በኋላ ወደ ብስክሌት መመለስ፦ የጎንደር ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት

በልጅነቱ ብስክሌት ተከራይቶ ያልነዳ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ከዚያ ትምህርት ይከተላል፣ ሥራ ይመጣል፣ ትዳር ይመጣል፣ ብስክሌቱም ይረሳል። አሁን መመለስ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። አንዱን የባጃጅ ወጪ አማሮታል፣ ሌላውን ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ብሎታል፣ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ናፍቆታል። ችግሩ ጎንደር ሜዳ አለመሆኗ ነው። ባሕር ዳር ላይ የሚሠራ ምክር ሁሉ እዚህ አይሠራም።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጎንደር ላይ ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳገቱን ነው። እኔ የምለምናችሁ ቁልቁለቱን እንድትፈሩ ነው። ዳገት ቢያቅታችሁ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢከዳችሁ ግን የምታደርጉት ብዙ ነገር የለም። ከታች የምመልሰው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚነሣ ነው።

ሃያ ዓመት አልነዳሁም። ረስቼው ይሆን?

ሚዛኑን አልረሳችሁትም። ሰውነት አንዴ የለመደውን እንዲህ ያለ ነገር አይጥልም፤ ከጥቂት ደቂቃ መንገዳገድ በኋላ ይመለሳል። የሚጠፋው ሌላው ነው፦ መሪውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ምልክት ማሳየት፣ መስመር ሳይስቱ ዞሮ ወደ ኋላ ማየት፣ በልክ ፍሬን መያዝ፣ የሚመጣን መኪና ፍጥነት መገመት። መንገድ ላይ የሚያድነው ደግሞ ይሄ እንጂ ሚዛኑ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጡ ኮርቻውን ዝቅ አድርጉት። ሁለቱም እግር መሬት የሚነካ ከሆነ ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ አንድ ቦታ ለይታችሁ እዚያው ላይ ቁሙ። ደግማችሁ ሂዱ፣ ደግማችሁ ቁሙ። መቆም ሳትለማመዱ መሄድ አትለማመዱ። ከዚያ በግራ ትከሻችሁ በኩል ወደ ኋላ እያያችሁ ቀጥ ብላችሁ መሄድን ሞክሩ። ያ ሲሳካላችሁ ኮርቻውን ወደ ትክክለኛ ቁመቱ መልሱት።

የት ልለማመድ? ሰፈሬ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው።

ጎንደር ላይ ሜዳ ፍለጋ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ሜዳ ካለ ዘበኛውን አስፈቅዱ። ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ወደ አዘዞ በኩል የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያ መሬቱ ከመሀል ከተማው ይልቅ ለጥ ያለ ነው። ፒያሳ አካባቢ ግን ለመለማመጃ አትሞክሩት። ታክሲው፣ ባጃጁ፣ እግረኛው ሁሉ እዚያ ነው።

ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ብስክሌት አለኝ። ልጠቀምበት?

አዎ፣ ግን ሳታስፈትሹ አትውጡበት። ዓመታት የቆመ ብስክሌት ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያልቃል። በራሳችሁ ማየት የምትችሉት ብዙ ነው።

ጎማውን በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ጎኑን ተመልከቱ። ቀጫጭን ስንጥቅ ከሞላው ደርቋል፣ ይቀየር። የፍሬኑን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩ። የተበጠሰ አንድ ቀጭን ክር እንኳ ካያችሁ ሽቦው በሙሉ ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ቸርኬውን የሚይዘው የፍሬን ጎማ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከሆነ ጊዜው አልፏል። የፊት ፍሬኑን ያዙና ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙት። መሪው አንገት ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ካለ ላልቷል ማለት ነው፣ መጥበቅ አለበት። ጎማውን አንሥታችሁ አሽከርክሩት። ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ፍሬኑን የሚነካ ከሆነ ቸርኬው ይስተካከል። ሰንሰለቱ ዝጎ ከደረቀ በጨርቅ ጠርጎ ዘይት መቀባት ነው። ኩሽኔታዎቹን ደግሞ ፈትቶ አጥቦ ግራሶ የሚሞላ ሠራተኛ ፈልጉ።

አሮጌዎቹ ብስክሌቶች ብዙዎቹ የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ አላቸው። ደረቅ ሲሆን ይይዛል። ሲረጥብ ግን ፍሬኑ ያንሸራትታል፣ ብስክሌቱም እንደልብ አይቆምም። እንዲህ ያለ ብስክሌት ያላችሁ ዝናብ ላይ ቁልቁለት አትውረዱ። ወይም ቸርኬውን በአሉሚኒየም አስቀይሩት። በእኔ እምነት ጎንደር ውስጥ ከዚህ የተሻለ ወጪ የለም።

ስታስነፉም ተጠንቀቁ። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር ለመኪና ነው። የብስክሌት ካላማዳሪያ ትንሽ ስለሆነች በሰከንዶች ትሞላለች፣ ልጁ ዞር ሲል ትፈነዳለች። ወይ በእጅ ፖምፓ ንፉ፣ ወይም ቀስ በቀስ ጠብ ጠብ እያደረገ እንዲነፋ ንገሩት። ምን ያህል እንደምትችል ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

አዲስ ልግዛ ብል ምን ዓይነት?

ማርሽ ያለው፣ ወፈር ያለ ጎማ ያለው፣ ፍሬኑ የሚታመን። በዚህ ቅደም ተከተል ሳይሆን በተቃራኒው አስቡት፤ ፍሬን መጀመሪያ። ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ያምራል፣ የኛ ኮብልስቶን ላይ ግን እጅ ያደነዝዛል። ማርሽ የሌለው ደግሞ ለባሕር ዳር ጥሩ ነው፣ ለኛ አይሆንም።

ቁመቱን ለማወቅ የመሀሉን ብረት አንፈራጥጣችሁ ቁሙ። ሁለቱ እግር መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ አርፎ በብረቱና በሰውነታችሁ መካከል የሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ሊኖር ይገባል። «ትለምደዋለህ» ብሎ ትልቅ የሚሸጥላችሁን አትስሙ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከላይ ያልኩትን ፍተሻ እዚያው ሻጩ ፊት አድርጉት። የሻጩን ማንነት የሚያረጋግጥ ወረቀትም ጠይቁ፤ የተሰረቀ ብስክሌት መግዛት ጣጣው ብዙ ነው።

ዳገቱን እንዴት እወጣዋለሁ?

ቀስ ብሎ። ይህ መልስ ቀላል ይመስላል፣ ሰው የሚደክመው ግን ባለመፈጸሙ ነው። አብዛኛው ተመላሽ ዳገት ሲያይ ከሥሩ ተንደርድሮ ይገባና ግማሹ ላይ ልቡ ትፈነዳለች። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን አቅልሉ፦ ከፊት ትንሹን ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ። መሀል ላይ እግራችሁ በኃይል እየረገጠ ማርሽ ብትቀይሩ ሰንሰለቱ ይወልቃል ወይም ይበጠሳል። እግር ቶሎ ቶሎ ይዙር እንጂ በጉልበት አይጫን። ጉልበታችሁን የሚጎዳው ከባድ ማርሽ እየረገጡ መታገል ነው።

መለኪያው ወሬ ነው። አጠገባችሁ ሰው ቢኖር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ሁለት ቃል ተናግራችሁ የምትተነፍሱ ከሆነ ቀንሱ። ካቃታችሁ ወርዳችሁ ግፉ። መግፋት ነውር አይደለም። ከፋሲል መዋኛ ወደ ቁስቋም የሚወጣውን ዳገት እየገፋ የሚወጣ ሰው በማግስቱም ይወጣል፤ በእልህ ሳይወርድ የወጣው ግን ብዙ ጊዜ በማግስቱ ብስክሌቱን አያይም።

ቁልቁለቱስ?

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ከላይ ሆናችሁ ፍሬኑን ሞክሩ። ቆማችሁ ሁለቱንም ያዙና ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት። የፍሬኑ እጀታ መሪው ላይ እስኪጣበቅ የሚወርድ ከሆነ አትውረዱ። ሁለተኛ፣ ፍጥነት ሳይመጣ ያዙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ለቆ በኋላ ለመያዝ ሲሞክር ነው። ብስክሌቱ እናንተ ባላችሁት ፍጥነት ይውረድ እንጂ መንገዱ ባለው አይደለም።

ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ተጠቀሙ። የፊተኛው ነው አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው፤ ግን ቁልቁለት ላይ በድንገት ከተጨመቀ በመሪው ላይ አሳልፎ ይጥላል። የኋላው ብቻ ከተያዘ ደግሞ ጎማው ይንሸራተታል፣ ብስክሌቱም ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ ሁለቱንም በለስላሳው ያዙ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፣ ክርናችሁን ትንሽ እጠፉ። እጃችሁ ከደከመ ቆማችሁ አሳርፉት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ ጣትም ይዝላል።

ኩርባ ካለ ሳትገቡ በፊት ቀንሱ። ኩርባው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መጨበጥ በተለይ አሸዋ ወይም ጠጠር ካለ ያወድቃል። ዓይናችሁ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ልታልፉበት ወደፈለጋችሁት ይሁን። ብስክሌት ዓይን ወደሚያየው ይሄዳል።

ከፒያሳ በፋሲል ግቢ በኩል ወደ ቀሃ ወንዝ የሚወርደውን ስትሄዱ ይህን ሁሉ አስቡት። ከታች ሰው አለ፣ ልጅ አለ፣ ከጎን የሚገባ ባጃጅ አለ። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት እየገፋችሁ ብትወርዱም እደግፋችኋለሁ።

የራስ ቁርም የግድ አድርጉ። ኮብልስቶን ራስ ቅል አያከብርም። መሀሉ የተሰነጠቀ አሮጌ ሄልሜት ግን አትልበሱ፤ አንዴ የተመታ ሄልሜት ሥራውን ጨርሷል።

መቀመጫዬ በጣም ያመኛል። ይሄ ነገር ያልፋል?

ያልፋል። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው ከባዱ። በየቀኑ ረጅም ከመንዳት ቀን እያሳለፉ አጭር አጭር መንዳት ይሻላል። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ኮርቻ መፍትሔ ይመስላል፣ ረዘም ላለ መንገድ ግን ሥጋውን እየጨቆነ ሕመሙን ያባብሳል። ኮርቻው አፍንጫው ወደ ላይ አለመቅናቱን ግን እዩ፤ ለጥ ብሎ ይቀመጥ።

ጉልበቴንም ያመኛል።

ብዙ ጊዜ የኮርቻው ቁመት ነው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ብስክሌቱ ላይ ውጡ። ፔዳሉ ወደ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁን አስቀምጡበት። እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። በጣታችሁ ሥር ስትረግጡት ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል፣ የምንፈልገውም ያንን ነው። የፊት ጉልበት የሚያምማችሁ ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ይሆናል። ከኋላ ከሆነ ከፍ ብሎ ይሆናል። አስተካክላችሁም ካልተሻለ፣ ካበጠም፣ ሐኪም ይየው።

ደም ግፊት አለብኝ። ዕድሜዬም ሃምሳ አልፏል።

መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ በተለይ ልብ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ቀስ ብለህ ጀምር» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ትንሹ፣ 150ው፣ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ከዚያ በጥቂቱ ጀምራችሁ ብትደርሱበት ይበቃል። ደረት ላይ የሚጨንቅ ሕመም፣ ማዞር፣ ከእንቅስቃሴው ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ወዲያው አቁሙ፣ ወደ ሕክምናም ሂዱ።

ከውጭ ነው የመጣሁት። እዚያ እነዳ ነበር፣ እዚህ ግን ትንፋሼ ያጥራል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል። ለጥምቀት ብላችሁ መጥታችሁ በማግስቱ ዳገት አትግቡ። ጥቂት ቀን በእግር ተንቀሳቀሱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከዚያ ጀምሩ። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ መዋኛው አካባቢ ብስክሌት ይዞ መግባት አይታሰብም፤ እግር ራሱ መንገድ አያገኝም።

በጾም እንዴት ልንዳ?

ይህን ከውጭ የመጣ ምክር አይመልሰውም፣ ለኛ ግን ትልቅ ጥያቄ ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕ፣ ዓርብና ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ ዓመቱ ግማሽ በግማሽ ጾም ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ጠዋት አትንዱ። ጠዋት ሆዳችሁ የማታውን ይዞ ስለሚቆይ ጉልበት ያላችሁ ይመስላችኋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ላባችሁን የሚተካ ውኃ ሳትጠጡ እስከ ዘጠኝ ትቆያላችሁ፣ ራስ ምታቱም ከዚያ ይመጣል። የሚሻለው ጾም ከመፈታቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ቀለል አድርጎ መንዳት ነው፤ ቤት ስትደርሱ ውኃውም ምግቡም ይጠብቃችኋል። ወይም በልታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ፣ ሳይመሽ። ረመዳን የምትጾሙም ያው ነው፤ ከመግሪብ በፊት አጭር ዙር።

ለጾም በሶ የመሰለ ነገር የለም። በጥብጦ መጠጣት ይቻላል፣ ሆድ አይከብድም፣ ጉልበቱም ይቆያል። ኪስ ውስጥ ቆሎ ያዙ።

ሴት ነኝ። ሰው ምን ይለኛል?

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያዩሻል። ልጆች ይጮሃሉ። አንዳንዱ «አይዞሽ» ይላል፣ አንዳንዱ የማይባል ነገር ይላል። ይህን ደብቄ «ማንም ምንም አይልም» ብልሽ ውሸት ነው። ግን ሰፈር ቶሎ ይለምዳል። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ደጋግመሽ ስታልፊ ወሬ መሆንሽ ይቀራል። ጓደኛ ካለሽ ሁለት ሆናችሁ ጀምሩ፤ ሁለት ሴት ላይ የሚደፍር አፍ ይቀንሳል።

ልብስን በተመለከተ፣ ቀሚስ ለብሶ መንዳት ይቻላል። የመሀሉ ብረት ዝቅ ያለ የሴት ብስክሌት ፈልጊ፣ ሰንሰለቱን የሚሸፍን ይኑረው። ነጠላ ግን አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አይሁን፤ የኋላ ጎማ ሽቦ ውስጥ ከገባ አፍታም አይሰጥም። አጣጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ አድርጊው፣ ስትደርሺ ትለብሽዋለሽ።

እናቶችም ይጠይቁኛል፤ መልሱ ያው ነው፣ እማማም ቢሆኑ።

በዚህ ዕድሜ ብስክሌት የልጅ ነገር አይመስልም?

አይመስልም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፣ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ብስክሌት ለአገራችን አዋቂ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከባጃጅና ከመኪና ጋር እንዴት ልሂድ?

ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ያለ ምልክት ወደ ጠርዝ ይወጣል። ስለዚህ ከባጃጅ ጀርባ ተጠግታችሁ አትሂዱ፣ በቀኙም በኩል አትለፉት። ከቆመ መኪና አጠገብ ስታልፉ የበር ስፋት ያህል ራቁ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ እስከ ቦይ ድረስ አትጠጉ፤ ትንሽ ገባ ብላችሁ ቀጥ ያለ መስመር ያዙ፣ ሹፌሩ ያያችኋል። ቅዳሜ ገበያ በሚቆምበት ቀን ደግሞ አካባቢውን ዙሩት። የተጫነ አህያ ደወል አይሰማም።

ጨለማ ላይ ያለ መብራት አትውጡ። ንጋት ላይ ከሆነ ውሾችም አሉ። ውሻ ቢከተላችሁ ከመሮጥ ይልቅ ቁሙ፣ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርጉት። አብዛኛው የሚያባርረው የሚሮጠውን ነው።

በክረምትም እነዳለሁ?

ሐምሌና ነሐሴ ካልቸኮላችሁ እረፉ። መንዳት ካለባችሁ ጠዋት ይሻላል፣ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው። እርጥብ ኮብልስቶን ሳሙና ነው። ስትመለሱ ሰንሰለቱን ጠርጉትና ዘይት ቀቡት።

ወደ አዘዞ ወይም ወደ ጎርጎራ መሄድ ምን ያህል ይከብዳል?

አዘዞ ጥሩ የመጀመሪያ ግብ ነው፣ ግን ያታልላል። ስትሄዱ ይወርዳል፣ ስትመለሱ ይወጣል። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው 1,970 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከተማ ለመመለስ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣላችሁ፣ ያውም ደክሟችሁ። ግማሽ ጉልበታችሁን ለመልሱ አስቀሩ። ካልተረፋችሁ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መመለስ ይቻላል።

ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ መልሱ በአብዛኛው የዳገት ሥራ ነው። ለወራት ሳትነዱ አታስቡት፣ ስትሄዱም አድራችሁ ተመለሱ። ከከተማ ለመውጣት ስታስቡ ደግሞ በዚያው ቀን ከዚያ የመጡ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ቅሩ፤ ጎርጎራ የትም አይሄድም።

ሥራ ቦታ የት ላቁመው?

ከተቻለ ግቢ ውስጥ፣ ዘበኛው ከሚያይበት። ቁልፉን ጎማው ላይ ብቻ አታስሩ፤ ጎማውን ፈትተው ጥለው ቀሪውን ይዘው ይሄዳሉ። ወፍራም ሰንሰለት በብስክሌቱ መሀል ብረትና በኋላ ጎማው አሳልፋችሁ ከማይነቀል ነገር ጋር እሰሩት። ብስክሌቱ ሥር የተመታውን ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ቢጠፋ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።